ጨረር ባረፈበት ቦታ እብጠት ወጣብኝ

የ14 ወር ሕፃን ሳለሁ በሁለቱም ዓይኖቼ የሬቲና ካንሰር፣ ሬቲኖብላስቶማ፣ ተገኘብኝ። ግራው ወጣ፣ ቀኙ በጨረር ተረፈ። አሁን 36 ዓመቴ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ቀኝ ጆሮ ግንዴ ላይ፣ ልክ ጨረሩ ባረፈበት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጠጣር እብጠት በጣቴ ዳሰስኩ። አታምም፤ ስገፋት ግን አትነቃነቅም። ሐኪሙ ብጉንጅ ነው ብሎ የ10 ቀን አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ጨርሼ ዋጥኩ። አሁን የኮት ቁልፍ አክላለች።

የልጅነቱን ሕመም ስነግረው "እሱማ አልፏል" አለኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። በሁለቱም ዓይን የሚወጣው በዘር የሚተላለፍ የአርቢ1 (ዕጢ እንዳያድግ የሚገታ ጂን) ለውጥ ስላለበት፣ ጨረር ሲጨመርበት ከዓመታት በኋላም ለአጥንትና ለጡንቻ ካንሰር ያጋልጣል። ሲቲ ስካን ራሱ ጨረር ስለሆነ ባልነሳ ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያጋጠማችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ መጀመሪያ ኤምአርአይ (ያለ ጨረር፣ በማግኔት የሚነሳ ምስል) ልነሳ ወይስ በቀጥታ ከእብጠቷ ናሙና እንዲወሰድልኝ ልጠይቅ?