ከ1 ያርድ ላይ ለምን ይወረወራል?

የሳቢያን ልጅ፦
አቦ አንድ ነገር አስረዱኝ። ከሚኒሶታ የመጣ የአክስቴ ልጅ የ2015ቱን ሱፐር ቦል (በፈረንጆቹ ነው፣ የአሜሪካ ፉትቦል የዋንጫ ፍጻሜ) መጨረሻውን በስልኩ አሳየን፣ ከዚያ ወዲያ በርጫው ሁሉ ጭቅጭቅ ሆነ። ሲያትል በፓትሪዮትስ 28 ለ24 እየተመራ ነው። ለታችዳውን (ኳሷን መጨረሻው መስመር ማሳለፍ ነው፣ እንደ ጎል) የቀረው 1 ያርድ፣ አንድ ሜትር እንኳ አትሞላም። 26 ሰከንድ አለ። ማርሻን ሊንች የሚባል በሬ የመሰለ ሯጭ አላቸው። አሰልጣኙ ፒት ካሮል ለሱ መስጠቱን ትቶ አስወረወረ፣ የፓትሪዮትሱ ማልኮም በትለር ዘሎ ገብቶ ቀማቸው፣ አለቀ። ሰውዬው ምን ነክቶት ነው?

ከዚራ ነኝ፦
ምንም አልነካውም፣ ሰዓቱን ቁጠር። ከአራቱ ሙከራ ሦስት ይቀራቸዋል፣ ታይም አውት (ሰዓት ማስቆሚያ) ግን አንድ ብቻ። ሊንች ሮጦ ከተያዘ ሰዓቱ አይቆምም፣ ያቺን አንዷን ያቃጥላሉ። ደግመው ሮጠው ከተያዙ ተነስተው እስኪሰለፉ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል። የተወረወረ ኳስ መሬት ከወደቀ ግን ሰዓቱ በራሱ ይቆማል። ሦስቱንም ሙከራ ለመጠቀም አንዱ ላይ መወርወር የግድ ነው። በዚያ ላይ በዚያ ሲዝን ከ1 ያርድ ተወርውሮ የተጠለፈ ኳስ እስከዚያች ደቂቃ አልነበረም።

ጀጎል፦
ወርውር እሺ፣ ግን የት? መሀል ለመሀል፣ ሰው በታጨቀበት! ወደ ጥግ ከፍ አድርገህ ጣለው፣ ያንተ ሰው ካልያዘው ውጭ ይወጣል። ቪድዮውን አዘግይታችሁ እዩት፣ በትለር ከተቀባዩ ቀድሞ ነው ኳሷ ጋ የደረሰው።

ለገሀሬ፦
ሁላችሁም ካሮል ላይ! የፓትሪዮትሱ አሰልጣኝ ቤሊቺክስ? ሊንች 1 ያርድ ላይ ከወደቀ በኋላ ሰዓቱ ሲፈስ ቆሞ አየ፣ ታይም አውት በእጁ እያለ አልጠራም። ሲያትል አግብቶ ቢሆን ለፓትሪዮትሱ ኳስ ወርዋሪ ለቶም ብሬዲ የሚተርፈው ሃያ ምናምን ሰከንድ ነበር፣ ቤሊቺክን በማግስቱ ይሰቅሉት ነበር። እሱው በ2009 ኢንዲያናፖሊስን 34 ለ28 እየመራ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር፣ በራሱ ሜዳ 28 ያርድ ላይ ሆኖ አራተኛውን ሙከራ ኳሷን በእግር አርቆ ከማስመታት ይልቅ ኳሷን ላለማስረከብ የቀረችውን 2 ያርድ ልሙላ ብሎ ሳይሳካለት ቀረ። የኢንዲያናፖሊሱ ኳስ ወርዋሪ ፔይተን ማኒንግ ገብቶ 35 ለ34 አሸነፈ። ያኔ ያልሰደበው የለም። እኔ ግን ያኔም ልክ ነበር ባይ ነኝ፣ ማኒንግን የሚያውቅ ሰው ኳስ አይሰጠውም።

የሳቢያን ልጅ፦
የሰዓቱ ነገር አሁን ገባኝ፣ የአክስቴ ልጅ እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም። ግን ወላሂ እኔ ብሆን መጀመሪያ ለሊንች ሰጥቼ፣ ታይም አውቷን በልቼ፣ በሚቀጥለው ነበር የማስወረውረው።

ከዚራ ነኝ፦
እሱም ያስኬዳል። ብቻ ፓትሪዮትስ ሩጫ ለማቆም ከባድ ከባዶቹን አስገብተው እንደነበር አትርሳ። ይልቅ ሱፐር ቦል በኛ ሌሊት 8:30 ገደማ ነው የሚጀምረው፣ በዚያ ሰዓት ዲሽ የሚከፍት ቤት የሚያውቅ ይጻፍልኝ።