የአሸንጌን መንደሮች የደበደቡት አውሮፕላኖች መዝገብ የት ይገኛል?

ሰላም ወገኖች። የአያቴ መንደር ከአሸንጌ ሐይቅ በላይ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ሠራዊታችን ወደ ኮረም ሲያፈገፍግ የጣሊያን አውሮፕላኖች አጋዩዋት። በእጄ ያለው አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳትሞት የቀዳሁት ድምፅዋ ነው። ሣር ቤቱ ሁሉ እንደነደደ፣ ከዚያ ደግሞ ከላይ ዘይት የመሰለ ነገር እንደተረጨ፣ የነካውን ሣር የጋጡት ላሞች አፋቸው ተልጦ እንዳለቁ ትናገራለች። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን በ1996 እ.ኤ.አ. አምናለች፤ ያገኘኋቸው መጻሕፍት ግን ከማይጨው፣ ከኮረምና ከአሸንጌ ውጪ ስም አይጠሩም። ለአንድ ቤተ መዛግብት ብጽፍ የመንደሯን ስም በጣሊያንኛ አምጣ አሉኝ፤ ስሟ እኮ ባየኋቸው ካርታዎች ላይ የለም! እነዚያ ሰዎች ተረስተው እንዲቀሩ አልፈልግም። የ1928ቱን የጣሊያን አየር ኃይል የዕለት በረራ መዝገብ በቀን ለይቶ ያየ ሰው ካለ፣ የት ነው የሚገኘው?