በሩጫ ጎበዝ፣ በትምህርት ደካማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲጠራው ልላከው?

የሯጩ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፤ 1600 እና 3200 ሜትር ይሮጣል። የእናት አፍ ሆኖብኝ ሳይሆን በእውነት ጎበዝ ነው፤ ካለፈው ሰኔ ወዲህ የዲቪዥን 1፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ አሠልጣኞች ስልክ አላቋረጡም። ትምህርቱ ግን ያስጨንቀኛል። ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) ከ4 2.1 ነው፣ አልጀብራ 2 ወድቆ እየደገመ ነው፣ ሁለት ገጽ አንብቦ ሦስተኛው ላይ ይተወዋል። አንዱ አሠልጣኝ «ስለ ትምህርቱ አይጨነቁ፣ እሱን ለእኛ ይተዉት» አለኝ። አባቱ በደስታ ሊበር ነው፤ እኔን ደግሞ ያቺ ቃል ከነከነችኝ። ወንድሜ «ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ሰው ነው፤ ልጅን ለእግሩ ብሎ መውሰድ በእሱም በሌላውም ላይ ግፍ ነው» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እንዲህ ያለ ልጅ መውሰድ አግባብ ነው? አግባብ ከሆነስ እነዚህን ሰዎች ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

አማካሪዋ፦
እህቴ፣ የምሠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሆነ ከክርክሩ በፊት የቀኑን ነገር ላስቀድም፤ ጊዜሽ አጭር ነው። አሠልጣኙ «ለእኛ ተዉት» ይበል እንጂ ልጁ መወዳደር ይችል እንደሆነ የሚወስነው እሱ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ ነው። ለዲቪዥን 1 የሚፈለጉት 16 የኮር (ዋና የቀለም) ትምህርቶች ናቸው፦ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ከአልጀብራ 1 የማያንስ ሒሳብ፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ 2 ዓመት የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የቀሩት ከእነዚሁና ከውጭ ቋንቋ ይሞላሉ። ውጤቱ የሚሰላውም በእነዚህ ብቻ ሆኖ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ስፖርትና የመሳሰለው ክፍል ስለማይቆጠር፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያየሽው 2.1 የኮር ውጤቱ ላይሆን ይችላል፤ ከዚያ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ደግሞ ይህ ነው። ከ16ቱ ውስጥ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው፣ ከ10ሩም 7ቱ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብ ወይም የሳይንስ ይሁኑ ይላል ሕጉ። የእነዚያ ውጤት ከዚያ በኋላ ይቆለፋል፤ በ12ኛ ክፍል እንደገና ቢወስድና ቢያሻሽል አይታሰብለትም። የኮር ውጤቱ ከ2.0 በላይ ሆኖ 2.3 ካልደረሰ ስኮላርሺፕ ተቀብሎ ልምምድ መሥራት ይችላል፣ በመጀመሪያው ዓመት ግን ውድድር የለም። ቀጥሎ ያለው እርከን፣ ዲቪዥን 2፣ የሚጠይቀው 2.2 ነው። ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ኤንሲኤኤ ከ2023 ጀምሮ ትቶታል፤ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሊጠይቅ ግን ይችላል።

ጠመኔ፦
ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ነኝ፤ ወንድምሽ የተናገረው የኔ ቃል ነው። ኬቨን ሮስ የሚባል የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በ1978 ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለመግባት የተፈተነው ውጤት ከሌሎቹ ገቢዎች እጅግ ያነሰ ነበር። አራት ዓመት ተጫወተላቸው። በ1982 ሲወጣ ለመመረቅ ከሚያስፈልገው 128 ክሬዲት 96 ይዞ ነበር፤ የንባብ ችሎታው የ7ኛ ክፍል፣ አጠቃላይ የቋንቋ ችሎታው የ4ኛ ክፍል ተማሪ ያህል። ከተማራቸው መካከል ዒላማ ተኩስና «የቅርጫት ኳስ ንድፈ ሐሳብ» ይገኙበታል! ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው ቺካጎ ሄዶ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በኋላ ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1992 «ትምህርቱ ደካማ ነበር» ብሎ መክሰስ እንደማይቻል፣ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው የገባለትን የተለየ ቃል ጨርሶ ሳይፈጽም ቀርቶ ከሆነ በውል ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። «ለእኛ ይተዉት» የሚል ቃል በስልክ ብቻ ከተነገረሽ ምንም አልተነገረሽም።

ያ ድሮ ነው የሚለኝ ካለ ደግሞ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል አለ። ከ1993 እስከ 2011 ድረስ መምህር የማይገባበት፣ ተማሪ የማይገናኝበት፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ የሚቀርብበት ኮርስ ሲሰጥ ኖሯል። ከ3,100 በላይ ተማሪዎች ወስደውታል፤ ግማሽ ያህሉ ስፖርተኞች ነበሩ። ኤንሲኤኤ በ2017 «ኮርሶቹ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነበሩ» ብሎ በዚህ ሳይቀጣቸው አለፈ። ለልጁ ሲባል እምቢ በሉ።

ረጅም ርቀት፦
ጋሼ ጠመኔ፣ በአክብሮት አልስማማም። እኔም እንደ ልጇ ነበርኩ። በጭንቅ ገባሁ፣ በአምስት ዓመቴ ተመረቅሁ፤ ሩጫው ባይኖር ኖሮ የዩኒቨርሲቲ ደጅ አላይም ነበር። ሮስን የበደለው መግባቱ አይደለም፤ ከገባ በኋላ ማንበብ ያስተማረው አለመኖሩ ነው። በሩን መዝጋት ቀላል ነው። በሩ ሲዘጋ ውጭ የሚቀረው ግን ያው ማንበብ የሚያስቸግረው ልጅ ነው፣ ያለ ስኮላርሺፕ።

ለእናቱ የምነግራት ሌላ ነው። እግር ኳስ ተጫዋች የውድድር ወቅቱ ሲያልቅ ይተነፍሳል። የረጅም ርቀት ሯጭ በመስከረም አገር አቋራጭ፣ በክረምቱ ብርድ የቤት ውስጥ፣ በጸደይ የመም ውድድር አለበት። ዓመቱን ሙሉ ወቅት ላይ ነው። በወቅት ውስጥ ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 እንዳይበልጥ ሕግ አለ፤ ነገር ግን የውድድር ቀን የፈለገውን ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ነው የሚባለው፣ በአውቶቡስ ያለቀው ሰዓትም አይቆጠርም። ሐሙስ ወጥቶ እሑድ ማታ የሚመለስ ልጅ፣ ማንበብ የሚከብደው ከሆነ፣ መቼ ሊያነብ ነው? አሠልጣኙን ስንት ጊዜ ሐሙስ እንደሚወጡ ጠይቂው።

ዝም አልልም፦
ለመሆኑ በእሱ ምክንያት ቦታ ያጣው ጎበዝ ተማሪስ? ሌሊቱን ሲያጠና ያደረው?

ረጅም ርቀት፦
ቫዮሊን የሚጫወት፣ አባቱ እዚያው የተማረ፣ ሀብታም ለጋሽ ያለው ልጅም ቦታ ይይዛል። ስፖርተኛው ላይ ሲሆን ብቻ ነው ቁጣው የሚነሳው።

ጠመኔ፦
ቫዮሊን የሚጫወተው ቫዮሊን ሊማር ነው የገባው። ሯጩ ሩጫ አይማርም፣ ይሮጣል እንጂ። ልዩነቱ እዚያ ነው፤ እሱን ካልመለሳችሁልኝ ሐሳቤን አልቀይርም።

ማታ ጥናት፦
ወደ እናቲቱ ልመለስ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስፖርተኞችን አስጠናለሁ፤ ሁለቱም ወገን የሚሉትን በየዕለቱ አያለሁ። ተቋሙ እንዲህ ያለ ልጅ መውሰድ አለበት ወይ ከተባልኩ፣ ሊያስተምረው ከተዘጋጀ አዎ፣ ካልተዘጋጀ አይውሰድ ነው መልሴ። መዘጋጀቱን የሚያሳየው ደግሞ የሚያማምር የጥናት አዳራሽ አይደለም፤ አሁን የማያሳይ የለም።

ሜጀሩን፣ ማለትም ዲግሪ የሚይዝበትን የትምህርት ዘርፍ፣ ማን ይመርጣል በይ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ወጥመድ አለ። ስፖርተኛው በመጀመሪያው ዓመት 24 ክሬዲት ማለፍ አለበት፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከዲግሪው 40 በመቶ፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 80 መድረስ አለበት። ሕጉ የወጣው ለእሱ ጥቅም ነው። ነገር ግን በሦስተኛው ዓመት «ነርሲንግ ልማር» ቢል የወሰዳቸው ኮርሶች ለአዲሱ ዲግሪ ስለማይቆጠሩ መወዳደር ያቅተዋል። ስለዚህ አማካሪዎቹ ገና ከጅምሩ የማይጥለውን ሜጀር ይሰጡታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው፤ ተመርቆ የማይፈልገውን ዲግሪ ይዞ ይወጣል። የቡድኑ ልጆች ምን ምን እያጠኑ እንደሆነ ጠይቂ። ሃያ ሯጭ ሁሉ አንድ ሜጀር ላይ ከተከመረ መልሱን አገኘሽ።

እያንዳንዱ ቡድን ኤፒአር የሚባል የትምህርት ነጥብ አለው፣ ለሕዝብ ይወጣል፣ ፈልገሽ ማየት ትችያለሽ። በዚህ ነጥብ ማነስ ከሻምፒዮና የታገደ ቡድን አለ፤ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በ2011 ዋንጫ በልቶ በ2013 በዚሁ ነጥብ ከሻምፒዮናው ታግዷል። ነጥቡ ፍጹም መለኪያ አይደለም፣ ግን አሠልጣኙ ከሚለው ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ንባቡን አስመርምሪው። ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚተወው ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። ዲስሌክሲያ ወይም ሌላ የመማር ችግር እንዳለበት ትምህርት ቤቱ እንዲመረምረው በጽሑፍ ጠይቂ፤ ነፃ ነው፣ እምቢ ካሉም ምክንያታቸውን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው። ችግሩ ከተረጋገጠ ኤንሲኤኤም ዩኒቨርሲቲውም የሚያደርጉለት ማስተካከያ አለ። ይህን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲወድቅ የሚያውቁት ብዙ ናቸው።

የሯጩ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ምርመራው ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። ስኮላርሺፑስ? አባቱ «አራት ዓመት ሙሉ ነፃ» እያለ ነው።

ረጅም ርቀት፦
ወረቀቱን ሳያይ እንዴት አወቀ? በመም ሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብርቅ ነው። ለረጅም ጊዜ የዲቪዥን 1 የወንዶች መምና አገር አቋራጭ አንድ ላይ 12.6 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር የተፈቀደላቸው፤ እሱን ነው ለመላው ቡድን የሚሸነሽኑት። ኤንሲኤኤ በ2025 ከከሰሱት ስፖርተኞች ጋር ካደረገው የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህ፣ ስምምነቱን በተቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ገደቡ በተጫዋች ቁጥር ሆኗል፤ የሚሰጡት ገንዘብ ግን በየዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ነው። የፋይናንስ ውሉ ላይ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሲጎዳ ይቀጥል እንደሆነ፣ መወዳደር አቁሞ መማር ቢፈልግ ይከፍሉለት እንደሆነ አንብቡ። አንድ ዓመት የሚል ከሆነ አንድ ዓመት ነው።

አማካሪዋ፦
እህቴ፣ ከትምህርት ቤቱ የተፈቀዱ የኮር ትምህርቶችን ዝርዝር አውጥተሽ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አስተያየሽው? እንግሊዝኛ ለሚለማመዱ የሚሰጡ መሠረታዊ ክፍሎች ካሉበት ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን ለይተሽ እዪ።

የሯጩ እናት፦
አሁን አየሁት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚያልፋቸው ሁሉ ተደምረው 9 ናቸው፣ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይንሱ 6። አልጀብራ 2ን ሳልቆጥር ነው።

አማካሪዋ፦
እንግዲያው ዕድሉ በሙሉ ያለው አልጀብራ 2 ላይ ነው፤ ካለፈ 10 እና 7 ይሞላለታል። ለሒሳቡ አስጠኚ ዛሬውኑ ፈልጊለት፣ መምህሩንም አነጋግሪ። ባያልፍ በዕረፍቱ እንደገና መውሰድ ይችላል፣ ኮርሱ በኤንሲኤኤ የተፈቀደ መሆኑን ግን ሳይመዘገብ በፊት አረጋግጪ። አሠልጣኞቹ ይጠብቁ።