አስቸኳይ፦ ፕሪንተሬ ትናንት ሲያትምበት የነበረውን ቀለም ዛሬ አልቀበልም አለኝ

ቤዛ፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት የማስረክበው ጽሑፍ አለ፣ የሚፈለገው ደግሞ በወረቀት ታትሞ ነው። ፕሪንተሩ ትናንት ማታ ማንም ሳይነካው ጠፍቶ በራ። ዛሬ ላትም ስል ስክሪኑ ላይ «የኩባንያው ያልሆነ ቺፕ ተገኝቷል፣ ካርትሪጁ ታግዷል» ይላል። ካርትሪጁ (የቀለሙ መያዣ) ውስጥ ያለው ቀለም ገና ግማሽ እንኳ አልደረሰም። አውጥቼ መለስኩት፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ምን ላድርግ?

የቢሮው ልጅ፦
የምን ፕሪንተር ነው? ሞዴሉን ሳትነግሪን እንዴት እንርዳሽ? ለማንኛውም ከሶኬቱ ንቀይውና ትንሽ ቆይተሽ ሰኪው።

ቤዛ፦
ባለ ቀለም ነው፣ ስካንም ያደርጋል። አጥፍቼ አበራሁት አልኩ እኮ።

አንጋፋው፦
ልጄ፣ ፕሪንተርሽ አልተበላሸም። ካርትሪጁ ላይ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ፕሪንተሩ በሷ በኩል ካርትሪጁ የማን እንደሆነ ያጣራል። ትናንት ማታ ጠፍቶ የበራው በኢንተርኔት አፕዴት ወርዶለት መሆን አለበት። እስከ ትናንት ዝም ብሎ ሲያሳልፋት የነበረችውን ቺፕ አሁን ለይቶ እንዲያግዳት ታዟል ማለት ነው።

ይሄ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በሴፕቴምበር 2016 ብዙ የኤችፒ ፕሪንተሮች በአንድ ጊዜ የሌላ አምራች ቀለም አንቀበልም ብለው ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ ኩባንያው በደንብ አላስረዳንም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ እገዳውን የሚያነሳ አፕዴትም አወጣ። አሠራሩን ግን አልተወውም። በ2020 የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን ይሄንኑ ገደብ ለገዢዎች በግልጽ አላሳወቃችሁም ብሎ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ይሄን ሁሉ የምነግርሽ በራስሽ እንዳትፈርጂ ነው።

ሚኪ፦
ከሶኬቱ ንቀይው። እኔ ጋ እንደዛ ተስተካክሏል።

ነጋዴው፦
ቅር አይበልሽና ነገሩን ከሌላ በኩልም እዪው። ፕሪንተሩን በርካሽ የሚሸጡልሽ ትርፉን ከቀለሙ እናገኛለን ብለው ነው። ቀለሙን ከሌላ ከገዛሽ ሒሳቡ ይፈርስባቸዋል። ደግሞ ምንጩ የማይታወቅ ቀለም የሚረጨውን ክፍል ይደፍናል፣ ያኔ የምትከሺው እነሱን ነው። ኩባንያው ራሱን ቢከላከል ምን ይገርማል?

ትዕግሥት፦
ነጋዴው፣ በዚህ አልስማማም። በርካሽ ልሽጥ ያለው ማን ነው? ራሱ ኩባንያው። «ከኔ ቀለም በቀር አይሠራም» ብሎ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፍና ሰው አይቶ ይምረጥ። ቤዛ ግን ስትገዛው ይሠራ ነበር፣ ትናንትም ይሠራ ነበር። ከፍላ ቤቷ ያስገባችውን ዕቃ ሌሊት በኢንተርኔት ገብቶ መቀየር እንዴት ነው ራስን መከላከል የሚሆነው?

ስለ ጥራት የምትለው ደግሞ፣ በ2022 መጀመሪያ ላይ በዓለም ዙሪያ ቺፕ ሲጠፋ ካነን ራሱ ያለ ቺፕ ቶነር፣ ማለትም የሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለም፣ ለመሸጥ ተገዶ ነበር። የራሱን ዕውነተኛ ቶነር ፕሪንተሩ አላውቀውም ሲል ማስጠንቀቂያውን እንዴት ማለፍ እንደሚቻል ለደንበኞቹ ጽፎ አስረዳ። ያለ ቺፑም አትሟል። ያጡት ነገር ቢኖር ቶነሩ ምን ያህል እንደቀረ ማየት ብቻ ነው። ታዲያ ቺፑ ለኅትመቱ ጥራት ነው የሚባለው እንዴት ነው?

ነጋዴው፦
እሱ እንኳ እውነት ነው። ግን ፍርድ ቤት ሄዳ ታሸንፋለች?

አንጋፋው፦
የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ሌክስማርክ በሚባለው የፕሪንተር አምራች ጉዳይ ላይ ወስኗል። ኩባንያው ካርትሪጁን አንዴ ከሸጠው፣ በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት) መብቴ ብሎ ገዢው ቀለም እንዳያስሞላበት ወይም መልሶ እንዳይሸጠው ሊከለክል አይችልም። ችግሩ ግን ውሳኔው ቺፑን ከካርትሪጁ አያነሳልሽም።

ቤዛ፦
አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው።

ሳቂታው፦
ነገ ደግሞ ምድጃዬ «ከኔ ያልተገዛ ሽንኩርት አላቁላላም» እንዳይለኝ ፈራሁ 😂 ይልቅ ቤዛ፣ ጽሑፍሽን ፒዲኤፍ አድርገሽ አሁኑኑ ፍላሽ ላይ ያዢው፣ ለራስሽም ኢሜይል አድርጊው። ሌላ ሰው ጋ ወይም ኅትመት ቤት ሄደሽ ነገ አስረክቢ። ከፕሪንተሩ ጋር ከዚያ በኋላ ትጣያለሽ።

ቶነር አዋቂ፦
የሳቂታውን ምክር መጀመሪያ አድርጊ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገርሽ።

አሁኑኑ ፕሪንተሩን ከዋይፋይ አላቅቂውና በኬብል ተጠቀሚ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አውቶማቲክ አፕዴቱን ዝጊ። ይሄ የመጣውን እገዳ አያነሳም፣ የሚመጣውን ግን ይከለክላል። አንዳንድ ሞዴሎች ወደ ቀድሞው ፈርምዌር (ፕሪንተሩን የሚያሠራው የውስጥ ሶፍትዌር) መመለስ ይችላሉ፣ አንዳንዶቹ በጭራሽ አይፈቅዱም። ከማይታወቅ ድረ ገጽ ግን ምንም እንዳታወርጂ።

ቀለሙን የሸጠልሽን ሰውም አትተዪው። የስክሪኑን ጽሑፍ ፎቶ አንሺና ላኪለት። ጨዋ ሻጭ ከሆነ አዲስ ቺፕ ባለው ይቀይርልሻል፣ እነሱም ይሄን ነገር ለምደውታል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ከፕሪንተሩ ጋር የመጣው ኦሪጅናል ካርትሪጅ አለሽ ወይስ ጥለሽዋል? በወር ክፍያ የሚላክልሽ ዓይነት ነበር? የወር ክፍያ ከሆነ አይጠቅምሽም፣ እነዚያ ክፍያው ሲቆም የኩባንያው ሆነው እንኳ ይዘጋሉ።

ቤዛ፦
የወር ክፍያ የለብኝም። የድሮው ጥቁር መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ባዶ ነው ግን።

ቶነር አዋቂ፦
ባዶ መሆኑ ችግር የለውም፣ የምንፈልገው ቺፑን ነው። ጎኑ ላይ ወይም ከታች ወርቃማ ነጠብጣቦች ያሉባት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ ታያለሽ። እሷ ናት። ቀጭን ምላጭ ከጠርዟ ሥር አስገብተሽ ቀስ ብለሽ አንሺያት፣ በግድ አትጎትቻት፣ ትሰበራለች። የአዲሱን ቺፕም እንደዚሁ አንሺና ኦሪጅናሏን በቦታው ለጥፊያት፣ ነጠብጣቦቹ ወደ ውጭ፣ አቅጣጫዋ እንደ ነበረው። የጣት ቅባት ካረፈባት በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጊያት። ፕሪንተሩ «ቀለም አልቋል» ይልሻል፣ እሺ ብለሽ እለፊው። በሁሉም ሞዴል አይሠራም፣ በአንዳንዶቹ ግን ይሠራል። የተነሳችውን ቺፕ እንዳትጥያት፣ ሻጩ ሊጠይቅሽ ይችላል።

የቢሮው ልጅ፦
ቺፕ ከመንካትሽ በፊት ግን ከሶኬቱ ንቀይው።

ቤዛ፦
ፒዲኤፉን ፍላሽ ላይ አድርጌዋለሁ። አሁን ቺፑን ልሞክር።

ትዕግሥት፦
ቤዛዬ፣ ሆነልሽ? ባይሆንልሽም የስክሪኑን ፎቶና የገዛሽበትን ደረሰኝ አስቀምጪ። ለኩባንያው ቅሬታሽን በጽሑፍ ላኪ፣ የሸማች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ካለም እዚያ አስገቢ። ጣሊያኖቹ የቀጡት ዝም ባለማለታቸው ነው።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ ገብቼባችሁ፣ የኔ ሌዘር ነው፣ ያው ጽሑፍ ነው የሚመጣብኝ። የቺፑ ነገር ለቶነርም ይሠራል?

ቶነር አዋቂ፦
በብዙዎቹ ላይ ይሠራል፣ እንዲያውም ቺፑ ሲነሳ ይቀላል። ካርትሪጁን አታጋድመው፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፍ፣ ቶነር ልብስህ ላይ ከፈሰሰም በሙቅ ውኃ አትንካው፣ አራግፈህ በቀዝቃዛ ነው የሚታጠበው።