የላሞቼን ካልሲየም የሚያወርደው ሃይ ቴንሽኑ ይሆን?

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። ከበረቴ 60 ሜትር ያህል ርቆ ሃይ ቴንሽን ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ቡሬ ሦስተኛዋን በወለደች ማግስት ወደቀች። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኛች፣ ጆሮዋ በረዶ ሆነ፣ ብንገፋት ብንገፋት አልነሳ አለች። ሐኪሙ ካልሲየም በደም ሥሯ ሰጥቷት ብዙም ሳይቆይ ቆመች፣ ተመስገን። እኔ ግን ፈርቼ ከሌላዋ ላሜ ከዳለቻም ደም አስቀዳሁ። ካልሲየም 3.2 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር፣ ፖታሲየም 15 ሚሊሞል በሊትር አሉኝ። ዳለቻ ደግሞ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትታለባለች። ጎረቤቴ "የመስመሩ ማግኔት ነው ማዕድናቸውን የሚመጠው፣ በረቱን አንሺ" ይለኛል። እውነት ነው? በረት ለማንሳት አቅሙ የለኝም።

የከብት ሐኪም፦
እህቴ፣ በረትሽን እንዳትነኪ! የቡሬ ሕመም የወተት ትኩሳት ነው። ስሙ ትኩሳት ይባል እንጂ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። እንገሩ ካልሲየሙን ከደሟ በአንዴ ይስበዋል፣ አጥንቷ ደግሞ ቶሎ አይተካላትም። ከሦስተኛ ወሊድ ጀምሮ ይበዛል። ለመሆኑ ከመውለዷ በፊት ምን ስትበላ ነበር?

የሱሉልታዋ፦
ድርቆሽና ፉሩሽካ። ፉሩሽካውን እርጉዝ ናት ብዬ ጨምሬላት ነበር።

የከብት ሐኪም፦
እሱ ነው እንግዲህ። ፉሩሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ፎስፈረስ ሲበዛ ቫይታሚን ዲ ሥራውን በደንብ አይሠራም። ማግኒዚየምም ካነሰ አጥንቷ ካልሲየሙን አይለቅም። ለመውለድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ፉሩሽካውን ቀንሺላት፣ የማዕድን ጨውም አትርሺ።

ላብ ቴክኒሽያን፦
የዳለቻ ውጤት አልተዋጠልኝም። የጤነኛ ላም ካልሲየም ከ8.5 እስከ 10 ገደማ ነው። 3.2 ላይ ያለች ላም ቆማ አትበላም። ደሙ የተቀዳበት ቱቦ ክዳኑ ምን ቀለም ነበር?

የሱሉልታዋ፦
ወይን ጠጅ።

ላብ ቴክኒሽያን፦
በቃ! እሱ ቱቦ ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር አለ፣ ደሙ እንዳይረጋ ካልሲየሙን ጠፍሮ ይይዘዋል። የሚገባው በፖታሲየም ጨው መልክ ስለሆነ ፖታሲየሙን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ካልሲየም ወርዶ ፖታሲየም ሲሰቀል መጀመሪያ ቱቦውን ነው የምንጠረጥረው። ኢዲቲኤ በሌለበት በቀይ ክዳን ቱቦ አስደግሚ።

ባዮሎጂ ተማሪ፦
ጎረቤትሽ ግን ዝም ብሎ የፈጠረው ነገር አይደለም። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ በ1990ዎቹ ሆልስታይን የሚባሉ እርጉዝ የፈረንጅ ላሞችን ለ30 ቀን በ10 ኪሎ ቮልት በሜትር የኤሌክትሪክ መስክና በ30 ማይክሮቴስላ የማግኔት መስክ ውስጥ አቆይተው ማዕድናቸውን ለክተዋል። በደማቸው ፕላዝማ (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ማግኒዚየም ቀንሷል። በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ካልሲየምና ፎስፈረስ ጨምረው ብረትና ማንጋኒዝ ቀንሰዋል። ስለዚህ ምንም ውጤት የለውም ማለት አይቻልም። ግን ያ መጠን ልክ 735 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር ሙሉ ጭነት ተሸክሞ እያለ የመቆም ያህል ነው። 60 ሜትር ላይ በጣም ያንሳል፣ ምክንያቱም ከመስመሩ በራቅሽ ቁጥር በፍጥነት እየደከመ ይሄዳል። "ማግኔት ብረት ይስባል" የሚለውም ለደም አይሠራም፣ ደምን በሚያቀላው በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሚስማር አይደለም።

ኤሌክትሪሻን፦
እኔ ከላይኛው ሽቦ ይልቅ የበረቱ ነው የሚያሳስበኝ። ኧርዙ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) ከተበላሸ የብረት ገንዳው ትንሽ ቮልት ይይዛል፣ አንቺ በጫማ ስለሆንሽ አይሰማሽም፣ ላሟ ግን እርጥብ ወለል ላይ በአራት እግሯ ቆማ በአፏ ስትነካው ይሰማታል። ውኃ ስትጠጣ ቶሎ ቶሎ አፏን የምታነሳ አለች?

የሱሉልታዋ፦
ኧረ አለች! ዳለቻ ከባልዲ ስትጠጣ ደህና ናት፣ ከገንዳው ግን ላስ ላስ አድርጋ ትሸሻለች። ነገ በቴስተር የሚያይልኝ ሰው አመጣለሁ፣ ደሙንም በቀይ ክዳን አስደግሜ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።