ኮሚሽኔ በየወሩ በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን ከሆነ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ጠያቂ፦ የመደብር ሻጭ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኤሌክትሮኒክስ በሚሸጥ አንድ መደብር በሽያጭ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የሰፈረው መነሻ ደመወዝ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም፤ ስቀጠር «ዋናው ገቢሽ ኮሚሽኑ ነው» ተብሎ ተነግሮኝ የነበረ ሲሆን፣ በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ጊዜም አባባሉ እውነት ነበር። የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ከመጡ ወዲህ ግን በወሩ ምን ያህል እንደሸጥሁ ባውቅም፣ ምን ያህል እንደሚከፈለኝ የማውቀው ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ብቻ ነው።

በቅርቡ ባልና ሚስት ፍሪጅ ሊገዙ መጥተው ነበር። የመረጡት ባለሁለት በር ስለነበር የወጥ ቤታቸውን በር ስፋት ለክተው እንዲመለሱ ነገርኋቸው፤ ለክተው ሲመለሱ ያሰቡት እንደማይገባ ስለታወቀ ሌላ አስመርጬ ፕሮፎርማ አዘጋጀሁላቸው፤ ጥግ ላይም ስሜንና ስልኬን ጻፍሁ። ገንዘቡን ይዘው የመጡት ግን እኔ በማልገባበት ቀን ሆነና፣ በስሜ ቢጠይቁም ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ተቀብለው ደረሰኝ አስቆረጡ። በማግስቱ የሽያጭ መዝገቡን ስመለከት በሻጭ ስም ቦታ ላይ «ቢሮ» የሚል ቃል ሰፍሯል። «ቢሮ» የተባለ ሽያጭ ለማንኛችንም ኮሚሽን አያስገኝም፤ በመደብሩ ወርኃዊ ድምር ውስጥ ግን ይገባል፤ የሥራ አስኪያጁ ማበረታቻ የሚሰላውም በዚያው ድምር ላይ ነው።

ሌላው ታርጌቱ፣ ማለትም በወሩ እንድንሸጥ የሚጠበቅብን መጠን ነው። በሐምሌ 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃ ዋጋ ሲንር፣ ታርጌታችን በብር የተተመነ ስለሆነ እሱም አብሮ ከፍ ተደረገ። ይህ ባይከፋም፣ ገዢው ሲሳሳ ዝቅ ያደረገው ሰው የለም፤ እንዲያውም ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ሲጨመር አይተናል። እሳቸው የፈቀዱት ቅናሽም ከእኛ ኮሚሽን ይቀነሳል። ሥራውን እወደዋለሁ፤ መልቀቅም አልፈልግም። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው? ጉዳዩንስ እንዴት ባነሣው ይሻላል?

መልስ 1፦ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ

አስቀድሜ ደስ የማይለውን ልንገርዎት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 መሠረት ኮሚሽን ከደመወዝ አይቆጠርም፤ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ከውሎ አበልና ከጉርሻ ጋር ተዘርዝሮ ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ሆኗል። ስለዚህ የሥራ ስንብት ክፍያዎ የሚሰላው በዚያች መነሻ ደመወዝ ነው፤ ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮም እንደዚሁ። የገቢ ግብሩ ግን ኮሚሽኑን ከደመወዙ ጋር ደምሮ ይቆርጥበታል፤ በዚህ በኩል የተዘናጋ የለም። አነስተኛ መነሻ ደመወዝና ከፍተኛ ኮሚሽን የሚለው አቀጣጠር አሠሪዎችን ለምን እንደሚማርክ ከዚህ ይገባዎታል።

ይህ ማለት ግን ኮሚሽን የአሠሪው ችሮታ ነው ማለት አይደለም። በውል ቃል የተገባ ክፍያ ስለሆነ ሊጠየቅ ይችላል፤ ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 60 አሠሪው የደመወዙን መጠንና የአሰላሉን ዘዴ፣ ሌሎች ተለዋዋጭ ክፍያዎችን፣ እንዲሁም የተቀናሹን ዓይነትና መጠን የሚያሳይ፣ ሠራተኛው የፈረመበት የክፍያ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ስለዚህ በጽሑፍ የሚያቀርቡት የመጀመሪያው ጥያቄ የባለፈው ወር ኮሚሽን እንዴት እንደተሰላ ዝርዝሩ እንዲሰጥዎት የሚል ይሁን። ተመላሽ ለሆነ ዕቃ ወይም ለቅናሽ በሚል ከመነሻ ደመወዙ ላይ ከቆረጡ ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም እርስዎ በጽሑፍ ካልተስማሙ መቁረጥ አይቻልም፤ ሲቻልም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝዎ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ጊዜውን ግን ልብ ይበሉ። ደመወዝንና ሌሎች ክፍያዎችን የሚመለከት ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» ብለው የዘገዩ ብዙዎች የመጀመሪያዎቹን ወራት ያጡት በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ እንኳ ሠራተኛው በሥራ ክርክር ጉዳይ የዳኝነት አይከፍልም።

መልስ 2፦ የቀድሞ የሽያጭ ሱፐርቫይዘር

እህቴ፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ቢሆንም በቀጥታ በአንቀጽ ከጀመርሽ ሥራ አስኪያጁ የሚቀጥለውን ወር ሽያጭ ሁሉ በፈገግታ ያበላሹብሻል፤ ፈረቃሽን ገዢ ወደማይበዛበት ቀን ማዞር ብቻ ይበቃቸዋል። እኔም በዚያ ወንበር ስለተቀመጥሁ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ።

«ቢሮ» የሚባለው አመዘጋገብ በራሱ ክፉ አይደለም። የባለቤቱ ዘመድ ሲመጣ፣ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲገዛ፣ በእርግጥም ሻጭ ያልደከመበት ሽያጭ አለ። ጥፋቱ «ቢሮ» ምን ምንን እንደሚያካትት የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አለመኖሩ ነው፤ ይህ ካልተጻፈ ደግሞ ማንኛውም ሥራ አስኪያጅ ወር ሲጠበው እዚያው ይገባል። እኛ ዘንድ የሻጭ ስም ያለበት ፕሮፎርማ ዋጋው እስከሚጸናበት ቀን ድረስ የዚያ ሻጭ እንዲሆን፣ ሻጩ በሌለበት ቀን ደንበኛውን ተቀብሎ ሽያጩን የሚጨርሰው ባልደረባም ግማሹን እንዲወስድ ተስማምተን ነበር። ያቀረቡት ሻጮቹ ራሳቸው በአንድ ድምፅ ስለነበሩ አስተዳደሩ እምቢ ለማለት አልተመቸውም። ባልደረቦችሽ እርስ በርስ ደንበኛ የምትሻሙ ከሆነ ግን በመጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፤ ብልሹ አስተዳደር የሚደላደለው በሻጮች ጠብ ላይ ነውና።

በየቀኑ ከመውጣትሽ በፊት የፕሮፎርማውንና የደረሰኙን ቁጥር፣ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋውን ጽፈሽ ለሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም ላኪላቸው። «የዛሬው ሽያጬ ይህ ነው» ከማለት የበለጠ አትጻፊ። ቀንና ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራል፤ እሳቸውም ዝም ካሉ ዝምታቸው ይመዘገባል።

በቅናሹ ላይ ብቻ ከአንቺ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሻጩ ራሱ ለምኖ ያስፈቀደው ቅናሽ ኮሚሽኑን ቢነካው ተገቢ ይመስለኛል፤ አለዚያ ሁሉም ሻጭ የሚሸጠው በቅናሽ ብቻ ይሆናል።

መልስ 3፦ ስሙን ያልጠቀሰ

መልቀቅ አልፈልግም ብለሻል፤ ቢሆንም አንድ ቀን ብትለቂ ቀብድ የተከፈለባቸውና ዕቃቸው ከመጋዘን ያልወጣ ሽያጮችሽን ዝርዝር አስቀድመሽ አስፈርሚ። እኛ ጋ ኮሚሽን የሚታሰበው ዕቃው ለደንበኛው ሲደርስ ስለነበር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ስወጣ የእኔ ደንበኞች ዕቃ ገና ጉምሩክ ነበር። ክፍያው ውል ሲቋረጥ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት ቢባልም፣ «ገና ያልተጠናቀቀ ሽያጭ ነው» ሲሉኝ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅናሹን በተመለከተ ለማብራራት ያህል፣ የማነሣው እኛ ያስፈቀድነውን ሳይሆን ደንበኛው በቀጥታ ቢሯቸው ገብቶ የሚያገኘውን ነው። ዛሬ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ስለ ፕሮፎርማው ተነጋግረን አንዷ ወዲያው ተስማምታለች፤ ሌላው ግን ለሥራ አስኪያጁ ቅርብ ስለሆነ ላስብበት ብሎናል። እሱ ባይፈርም ሁለታችን ብቻ ብናቀርብ ያስኬዳል?

መልስ 2፦ የቀድሞ የሽያጭ ሱፐርቫይዘር

ያስኬዳል። እሱን ግን አትጠብቁት፤ ከእናንተ ቀድሞ ለሥራ አስኪያጁ ሊነግራቸው ስለሚችል ደብዳቤውን ነገ ጠዋት አስገብታችሁ በቅጂው ላይ የተቀበለውን ሰው ፊርማና ቀን አስደርጉ።