«ሁሉም ሊኑክስ ይጫን» መልስ ነው ወይ?

ጦሳ፦ ቅዳሜ ኮምቦልቻ በተደረገው የባለሙያዎች ውይይት፣ የጋራ ፕሮጀክታችን የቢልድ ስክሪፕት (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይሩ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) በዊንዶውስና በማክ አልሠራ ማለቱ ሲነሣ፣ መድረኩን የያዙት ሰው «ሁሉም ሊኑክስ ይጫን፤ ነገሩ ያበቃል» ብለው አለፉት። ደሴ ላይ በተውሶ ላፕቶፕ የሚሠራ ጀማሪ የሰው ኮምፒውተር ደምስሶ ይምጣ ነው የሚሉን?

ሐረጎ፦ ተናጋሪው ልክ ናቸው። ለሦስት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስክሪፕት ስንጠጋግን ዋናው ሥራ ቆሟል።

ቦርከና፦ እኔን የገረመኝ «ያበቃል» የሚለው ነው። ስክሪፕት የሚያስኬደው ፕሮግራም ሼል ይባላል፤ ኤስኤች ደግሞ የተለመደው መጠሪያው ነው። በኡቡንቱ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ኤስኤች ተብሎ ሲጠራ የሚነሣው ዳሽ የተባለው ሼል ነው፤ በአልፓይን ሊኑክስ ደግሞ የቢዚቦክስ ሼል ነው። በመጀመሪያው መስመር ኤስኤች ብሎ ከሥር ባሽ የተባለውን ሌላ ሼል አራይ (የዝርዝር ማስቀመጫ) የሚጠቀም ስክሪፕት እዚያው ሊኑክስ ላይ ይወድቃል።

ሐረጎ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መስመር ባሽ ብሎ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ያኔ ያበቃል።

ጦሳ፦ አሁንም «ያበቃል»! አፕል ከማክ ጋር የሚሰጠው ባሽ 3.2 ሲሆን፣ በ4.0 የመጣው አሶሲየቲቭ አራይ (በቁጥር ፈንታ በስም የሚጠራ ዝርዝር) የለውም። ጽሑፍ የሚቀይረውን ትእዛዝ፣ ሴድንም ይመልከቱ፦ የስሪት ቁጥሩን ፋይሉ ውስጥ ለመቀየር በሊኑክስ «ማይነስ አይ» (እዚያው ፋይሉ ላይ ቀይር የሚለው ምርጫ) ብቻ ይበቃል፤ የማኩ ሴድ ግን ቀጥሎ የመጠባበቂያ ፋይል ቅጥያ ስለሚጠብቅ፣ ትእዛዙን ራሱን እንደ ቅጥያ ይወስደዋል። ለማኩ ብለው ባዶ ጥቅስ ሲጨምሩለት ደግሞ ሊኑክሱ ይሰናከላል። ውጤቱን ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ዋናውን በእሱ መተካት ግን በሁለቱም ይሠራል።

ሸዋ በር፦ ማክ የያዘ ሰው ለተውሶ ላፕቶፕ ሲቆረቆር ማየት ደስ ይላል። ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አሽጎ የሚያስኬደው ዶከር እያለ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምንድን ነው?

ቦርከና፦ በሞባይል ዳታ ኢሜጅ (የዶከርን እሽግ) ለሚያወርደው ሰው ካርድ እርስዎ ይሞሉለታል? ደግሞም ዊንዶውስ ላይ ያለው ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) የመስመር መጨረሻ ምልክቱን ወደ ዊንዶውሱ ሲአርኤልኤፍ ከቀየረው፣ ያው ስክሪፕት ዶከር ውስጥ ገብቶም «ፋይሉ የለም» እያለ አይነሣም። ለጊት ትእዛዝ በሚሰጠው የጊትአትሪቢዩትስ ፋይል የሼል ስክሪፕቶች ሁልጊዜ በሊኑክሱ ምልክት፣ በኤልኤፍ ይውጡ ብሎ ማዘዝ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሐረጎ፦ ይህን ሁሉ የምታውቁ ከሆነ ስክሪፕቱን ለምን አላስተካከላችሁትም?

ጦሳ፦ ልኬው ነበር፤ «ሊኑክስ ጫን» ተብሎ ተዘጋብኝ።

ሐረጎ፦ የተዘጋው ማንንም ሳያማክሩ ሙሉውን ሲሜክ ወደሚባለው የቢልድ መሣሪያ ስላዞሩት ነው፤ እሱንም ይንገሯቸው እንጂ።

ጦሳ፦ ሲሜክ ፋይል መቅዳትና ማጥፋትን በራሱ ትእዛዝ በሦስቱም ስለሚሠራ ነው ያዞርኩት። የቱ መስመር እንዳስቀየመዎ እስካሁን አልነገሩኝም።